ቢላውን እንወዳለን፤ እጁንስ?



የዐረፋ በዓል ሲቃረብ በየቤቱ የሚፈለግ አንድ ዕቃ አለ። ዓመቱን ሙሉ ሽንኩርት ሲከትፍ የከረመው ቢላ ከወጥ ቤት ይወጣል፤ አባወራው ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰስ አድርጎ «ይኼማ ደንዟል» ይላል። ከዚያ ልጅ ወደ ጎረቤት ይላካል፤ ጎረቤትም የራሱ ደንዞበት ወደ ሌላ ጎረቤት ይልካል። በእኛ ሰፈር የዚህ መላላክ መጨረሻው የእኛ ቤት ነው። አባቴ ቢላ ይሠራሉ።

«ይሠራሉ» ስላችሁ ባለ ሱቅ እንዳይመስሏችሁ። 38 ዓመት እንጀራቸውን የበሉት በከባድ መኪና ሾፌርነት ነው። ቢላ የሚቀጠቅጡት በእረፍት ቀናቸው ነበር፤ ከጡረታ በኋላ ደግሞ በየቀኑ ለማለት ይቻላል፤ ማንም ሳያዛቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ በገዛ ፈቃዳቸው። አንድም ቢላ ሸጠው አያውቁም። ለሚያገባ ወጣት፣ አዲስ ጎጆ ለወጣ ጎረቤት፣ የቲም ለምታሳድግ እናት ይሰጣሉ። ዛሬ ሰማንያን አልፈዋል፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ መዶሻውን ለልጅ ልጆቻቸው ትተውታል፤ መሳሉን ግን ለማንም አይሰጡም።

ላነሣላችሁ የፈለግሁት ጥያቄ ከዚህ ግቢ የወጣ ነው። ሲታይ ሁለት ይመስላል፤ ለእኔ ግን እያደር አንድ ሆኖብኛል። ሰው ከእንጀራው ውጭ፣ ስለወደደው ብቻ በእጁ የሚሠራው ሥራ በአላህ ዘንድ ምን ቦታ አለው? እኛስ ያንኑ ሥራ አንዱ ሲሠራው «ባለሙያ»፣ ሌላው ሲሠራው «ቀጥቃጭ» የምንለው በምን ሚዛን መዝነን ነው?

ነገሩ የጀመረው ባቲ ላይ ነው። በዕድሜ የገፋችሁ እንደምታስታውሱት ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ፣ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ ወደቡ እስኪቋረጥብን ድረስ፣ የጭነት መኪና የማይጠፋበት መስመር ነበር። ከደጋው ወደ አፋር ሜዳ የሚወርድ ተሳቢ በየጉዞው አንድ ነገር ሳይሰብር አይመለስም፤ ከሁሉ ይልቅ የሚሰበረው ባሌስትራ ነው። በ1962 ዓ.ም. የአባቴ መኪና ባቲ ላይ ባሌስትራ ሰበረችና መለዋወጫው ከደሴ እስኪመጣ ሦስት ቀን ቆሙ። ዕለቱ ሰኞ፣ የባቲ ገበያ ቀን ነበር፤ አፋሩ ከቆላ፣ ኦሮሞውና አማራው ከደጋ ወርዶ የሚገናኝበት ያ ትልቅ ገበያ። ከገበያው ጠርዝ፣ ሰው ከሚበዛበት ራቅ ብሎ፣ አንድ ባለ እጅ ወናፋቸውን ዘርግተው ማጭድ ይስላሉ፣ ማረሻ ያድሳሉ፣ ለአፋሮቹ ጊሌ ይቀጠቅጣሉ።

ሰውዬው የተሰበረውን የባሌስትራ ቁራጭ ለመኗቸው። አባቴ ሰጧቸውና ምን እንደሚያደርጉበት ለማየት አጠገባቸው ቁጭ አሉ። ወናፍ የሚነፋላቸው ልጅ በወባ ተኝቶ ነበርና አባቴ «እስቲ እኔ ልንፋልዎ» ብለው ወናፉን ያዙ። አባቴ ስለዚያ ቀን ሲያወሩ ሁልጊዜ የሚያነሡት አንድ ነገር ነው። ወናፉን ሲይዙ የባቲው ሰው ደንግጠው «ተው ልጄ፣ ሰው ያይሃል» አሏቸው።

ይህን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ባቲ በደረሱ ቁጥር እዚያው ማደር ጀመሩ። ሥራውን የተማሩት በዓይናቸው ነው፤ ሌሊት መኪና ሥር ተኝተው ከማደር ፍም ዳር መቀመጥ ይሻላል ይሉ ነበር። ብዙዎቻችን በየቀኑ የምንይዘው ዕቃ እንዴት እንደሚወለድ አናውቅምና ጥቂት ልንገራችሁ። ባሌስትራ ከተራ ብረት ይለያል። በውስጡ ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን አለበት፤ አባቶቻችን አረብ ብረት የሚሉት ዓይነት ነው። የቤት መሥሪያ ፌሮ ብትቀጠቅጡት የቢላ መልክ ይይዝላችኋል፤ ስለቱ ግን አንድ በግ አያዘልቅም።

ቁራጩ ከሰሉ ፍም ውስጥ ይገባል፤ ከቀይ ወደ ብርቱካን ሲያልፍ በጉጠት ተይዞ መስፍ ላይ ይወጣል። መዶሻ የሚያርፍበት እንደ ጋለ ነው፤ እየጠቆረ የሄደ ብረት የሚመታ ሰው ውስጡን ሊሰነጥቀው ይችላል። መጀመሪያ ጫፉ ይሾላል፤ ቀጥሎ በስለቱ በኩል ይሳሳል። ስለቱ ሲሳሳ ስለሚረዝም ቢላው ወደ ጀርባው ይጎብጣል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ወደ ስለቱ በኩል ማጉበጥ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ሲሳሳ ራሱ ቀጥ ይላል። አባቴ ይህችን አንዲት ነገር ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል ይላሉ። የባቲው ሰው አልነገሯቸውም ነበር፤ ሲጠየቁ «ብረቱ ይነግርሃል» ነበር መልሳቸው።

ትልቁ ጭንቀት ማጠንከሩ ላይ ነው። ቢላው ልኩን ያህል ግሎ ዘይት ውስጥ መግባት አለበት፤ ካነሰ አይጠነክርም፣ ከበዛ ይሰባበራል። አባቴ ልኩን የሚያውቁት ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ በወጣ ማግኔት ነው። ብረት 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ማግኔቱ ሲለቀው ጥቂት ይጨምሩለትና ወዲያው በሞቀ ዘይት ይነክሩታል። ይህ ዓይነቱ ብረት ውኃ ቢነካው ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ሲሰነጠቅም ጥቃቅን የመስተዋት ድምፅ ያሰማል። እኔ ልጅ ሆኜ ያቺን ድምፅ ስሰማ የአባቴን ፊት አይ ነበር፤ «ለኸይር ነው» ይሉና ቁራጩን ወደ ጥግ ያስቀምጡታል፤ አይወረውሩትም። ከዘይት የወጣ ቢላ እንደ ጠርሙስ ነው፤ ከወደቀ አበቃ። ስለዚህ ገላው ተፈግፍጎ ከነጣ በኋላ በዝግታ እንደገና ይሞቃል፤ የገለባ ቀለም ሲይዝ ይበቃዋል፤ ወደ ሰማያዊ ካለፈ ለቢላ ልል ነው። ከዚህ ስለ ሰው ልጅ ጠባይ ምሳሌ ማውጣት ለእኔ ቀላል ነበር፤ አባቴ ግን በብረት ምሳሌ ሲወጣ አይወዱም። «እሱን ተዉት፣ ብረት ነው» ይላሉ።

እጀታው ከወይራ ወይም ከበሬ ቀንድ ነው። ቢላው ሲያልቅ አባቴ ለተቀባዩ የሚሰጡት ስለቱን በራሳቸው በኩል አዙረው፣ በእጀታው በኩል ነው፤ ልጆቻቸውንም ሌላ ነገር ሳያስተምሩን በፊት ይህን አስተማሩን። ቀስት ይዞ በመስጊድ የሚያልፍ ሰው ማንንም እንዳይወጋ ጫፉን እንዲይዝ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ማዘዛቸውን በመድረሳ ስንማር፣ እኔ ነገሩን አስቀድሜ ቤት የማውቀው መስሎኝ ነበር።

በ1996 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ከእርሳቸው ጋር የወጡት ሾፌሮች አብዛኞቹ ከመስጊዱ አጥር ሥር ጥላ ሲከተሉ ይውሉ ነበር፤ ጠዋት በምሥራቅ ግድግዳ፣ ከሰዓት በምዕራብ። አባቴ ኮምቦልቻ ግቢያችን ጥግ ላይ በቆርቆሮ ዳስ ሠሩ፤ መስፋቸውን በጉቶ ላይ አቆሙ፤ ከፈጅር ሶላት በኋላ ቁርአናቸውን ቀርተው ቁርሳቸውን በልተው ፍም ማያያዝ ጀመሩ። አዛን ሲሰማ ወናፉ ይቆማል። ብረት እሳት ውስጥ ካለም ያወጡታል፤ የተሰበረ ሥራ ይቀጠላል፣ ያለፈ ሶላት ግን ዕዳ ነው ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ከጁሙዓ በኋላ አንድ የረጅም ጊዜ ወዳጃቸው በቅን ልብ ወቀሷቸው። «በዚህ ዕድሜ ሰው ለቀብሩ ይዘጋጃል እንጂ መዶሻ ይዞ ይጫወታል ወይ? ይህን ሰዓት ቁርአን ቢቀሩበት፣ ዚክር ቢያደርጉበት አይሻልም?» አባቴ ሳቅ ብለው «ዱዓ አድርጉልኝ» አሉና ዝም አሉ። እኔ ግን አጠገባቸው ነበርኩና ጥያቄው አብሮኝ ቤት ገባ።

ጥያቄው ተራ አይደለም፤ ዕድሜ አማና ነው፤ በምን እንዳሳለፍነው እንጠየቅበታለን። ወዳጃቸውን የሚያግዝ ማስረጃም አለ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሙስሊም ጨዋታ ሁሉ ከንቱ መሆኑን ተናግረው፣ ቀስት መወርወርን፣ ፈረስ መግራትንና ከባለቤት ጋር መጫወትን ብቻ የለዩበት ሐዲሥ ተዘግቧል። ታዲያ መዶሻ ከየትኛው ወገን ነው? የሚጠቅም መሣሪያ መሥራት ነውና ወደ ቀስቱ ይጠጋል ብሎ መከራከር ይቻላል። እኔ ግን ከዚህ የሚቀርብ ማስረጃ አለኝ። በሶሒሕ ሙስሊም ከሸዳድ ኢብኑ አውስ (ረ.ዐ.) እንደተዘገበው አላህ በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳንን፣ ማለትም አሳምሮ መሥራትን ደንግጓል፤ የሚያርድ ሰው ስለቱን እንዲስልና እንስሳውን እንዳያሠቃይ ታዟል። እስቲ አስተውሉ፣ ይህ ትእዛዝ በአራጁ ላይ ብቻ ያለቀ ነው ወይ? ስለት በማይዝ ብረት ላይ የሚስል ሰው ምን ያህል ይስለዋል? በጉ ቀልጠፍ ብሎ እንዲያርፍ ከአራጁ እጅ በፊት የሠራ ሌላ እጅ አለ። የእኛ ቢስሚላህ የሚያርፈው በዚያ ሰው ትዕግሥት ላይ ነው።

ይሁን እንጂ አባቴ የሚቀጠቅጡት ለዚህ ብለው ነው ብዬ ብነግራችሁ እዋሻችኋለሁ። የሚቀጠቅጡት ስለሚወዱት ነው። ብረቱ ብርቱካን ሲሆን ፊታቸው ይፈታል። ኒያቸውን አላህ ያውቃል፤ እኔ የማየው ደስታቸውን ነው። ታዲያ ሐላል ደስታ በሰባ ዓመት ነውር የሚሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ሰዓቲቱ ልትቆም ስትል በእጁ ችግኝ ያለ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክላት የታዘዘበትን ሐዲሥ ሁላችንም እናውቀዋለን። ያ ሰው ፍሬዋን አይበላም፤ ጥላዋ ሥርም አይቀመጥም። ሥራው ግን አልቀረለትም። ሽማግሌ ሲሞት የሚፈልገውን ብቻ እንጂ ሲኖር የሚሠራውን የማይሰጥ ቤተሰብ፣ በአክብሮት ስም ቀድሞ የሚቀብረው ይመስለኛል። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ ከአሊሞቻችን የተሻለ ቢኖር እማራለሁ።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ለእኔ ለራሴ አይከብደኝም። የሚከብደኝ የሚከተለው ነው።

በ1999 ዓ.ም. ለእህቴ ሽማግሌ ተላከ። ቤተሰቡ የታወቀ፣ ዲኑን የሚያከብር፣ ልጁም መልካም ልጅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው ሦስት ቀን በፊት ወሬ ደረሰን፤ ከልጁ አጎቶች አንዱ «አባትየው ይቀጠቅጣል አሉ፤ ዘራቸው ተጣርቷል ወይ?» ብሎ ጠይቋል። እናቴ እንቅልፍ አጣች። እኛ ወንድማማቾች ተመካከርን። ከዚያ እኔ፣ የመጀመሪያ ልጅ ነኝና፣ ወደ አባቴ ሄጄ «አባባ፣ ለአንድ ቀን ብቻ መስፉንና ወናፉን ከዕቃ ቤት ጀርባ ብናደርገው ምን ይልዎታል?» አልኳቸው።

አባቴ አላዩኝም። «አድርጉት» አሉ።

መስፉን አራት ሆነን ተሸክመን ወሰድነው። ዳሱን አጠብነው፤ ዶሮ እንዲመስል ቆጥ ሠራንበት። እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ተበላ፤ ተጠጣ፤ ፋቲሓ ተቀራ፤ ነገሩ አለቀ። ሁሉም ደስ ብሎት ሲሄድ አባቴ የተረፈውን ሥጋ ወደ ሚከትፉት ሴቶች መጡና ከእናቴ እጅ ቢላውን ተቀበሉ፤ በፎጣ ጠረጉት። «ቢላውን ግን አልደበቃችሁትም» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ሽማግሌዎቹ የበሉት ሥጋ በሙሉ የተቆረጠው በዚያ ቢላ ነበር።

መስፉ ከዕቃ ቤት ጀርባ ሦስት ወር ቆየ። አባቴ አውጡልኝ አላሉንም፤ እኛም አላወጣነውም። እርሳቸው ከመስጊድ ወዳጆቻቸው ጋር ጥላ መከተል ጀመሩ። በሦስተኛው ወር እናቴ «ይህ ሰው እየከሳ ነው» አለችኝና ወንድሞቼን ጠርቼ መልሰን አቆምነው። ይቅርታ አልጠየቅሁም። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር በቃል አይባልም። ቃል ማግኘት የነበረበት ነገር ግን ነበር፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በከፊል ለዚያ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በእኛ አገር ጠይብ፣ ቀጥቃጭ፣ ባለ እጅ የሚባለው ወገን ለዘመናት የተባለውን ሁላችንም ሰምተናል። ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ዓይኑ ይበላል፤ ልጅ አይሰጠውም፣ ልጁም አይወሰድም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን አለ። ይህ የእነ እገሌ ነውር ነው ብለን እንዳናልፈው እሰጋለሁ፤ የሙስሊሙም መንደር በዚህ አይታማም አልልም። ዓይን (ዐይን) እውነት መሆኑ በሐዲሥ ተረጋግጧል፤ ነገር ግን ዓይንን በአንድ ሙያና በአንድ ዘር ላይ የለጠፈ ሐዲሥ የለም። ያን የለጠፍነው እኛ ነን።

አንዳንዱ ወንድም ደግሞ ማስረጃ ያመጣል። መጥፎ ጓደኛ ወናፍ እንደሚነፋ ሰው መሆኑ በሐዲሥ ተነግሯልና ቀጥቃጭ የተጠላ ነው ይላል። ሐዲሡን በጥንቃቄ እንየው። ጥሩ ጓደኛ በሽቶ ሻጭ፣ መጥፎው በወናፍ ነፊ የተመሰለው አጠገባቸው የሚቀመጠው ሰው ላይ ስለሚያርፈው ነገር ነው፤ ሽታውና ፍንጣሪው። የአባቴ ሸሚዞች ሁሉ ቀዳዳ አላቸው፤ ሐዲሡ እውነት ነው። ስለ ፍንጣሪ የተነገረን ነገር ስለ ዘር ማድረግ ግን ንግግሩን ከቦታው ማንሣት ነው።

ስለ ቀጥቃጭስ ዲናችን ምን ይዟል? የቁርአን 57ኛ ሱራ ስሟ አል-ሐዲድ፣ ብረት ነው፤ አላህ (ሱ.ወ.) ብረትን ብርቱ ኃይልና ለሰዎች ጥቅም ያለበት አድርጎ ማውረዱ ተወስቶባታል። በሱረቱ ሰበእ እንደምናነበው ለነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረት ተገራላቸው፤ ጥሩር እንዲሠሩና ቀለበቶቹን መጥነው እንዲያያይዙ ታዘዙ። ነቢይና ንጉሥ ነበሩ፤ ከእጃቸው ሥራ እንደሚበሉም ቡኻሪ በዘገበው ሐዲሥ ተመስክሮላቸዋል። ከሶሓቦች መካከል ኸባብ ኢብኑል አረት (ረ.ዐ.) መካ ውስጥ ቀጥቃጭ ነበሩ። ዐል-ዓስ ኢብኑ ዋኢል የሚባለው ሰው የሠሩበትን ዋጋ ሲጠይቁት ሙሐመድን ካልካድክ አልከፍልህም አላቸው፤ እርሳቸውም ዋጋቸውን እንጂ ኢማናቸውን አልተዉም። በቁረይሽ ዓይን ኸባብ ባሪያና ቀጥቃጭ ነበሩ። እኛ ዛሬ የማንን ዓይን ይዘን ነው የምናየው?

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሸንፈኝ ግን የአቡ ሰይፍ ነገር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም ሲወለድ መዲና ውስጥ ለአንዲት ሴት እንድታጠባው ሰጡት፤ ባሏ አቡ ሰይፍ ቀጥቃጭ ነበር። አነስ (ረ.ዐ.) እንደሚተርኩት ልጃቸውን ለማየት ሲሄዱ ቤቱ በወናፉ ጭስ ተሞልቶ ያገኙት ነበር፤ አነስም ቀድመው እየሮጡ ገብተው አቡ ሰይፍን የአላህ መልእክተኛ መጥተዋልና ወናፉን እንዲያቆም ይነግሩታል። እርሳቸው ልጃቸውን አቅፈው ይስሙታል፣ ያሸቱታል። ያ ልጅ ሲያጣጥርም ዓይናቸው እንባ ያፈሰሰው በዚያው በቀጥቃጩ ቤት ነው። በዓለም ላይ ከሁሉ የከበሩት አባት ልጃቸውን ለቀጥቃጭ ቤት ሰጡ። እኔ የአባቴን መስፍ ከሽማግሌ ደበቅሁ።

የከፋአን ነገር የምታውቁ አንባቢያን እንዳላችሁ አውቃለሁ። አዎ፣ ብዙ ፉቀሃእ፣ በተለይ በሐነፊና በሻፊዒ መዝሀብ፣ በጋብቻ መመጣጠን ውስጥ ሙያን ቆጥረዋል። ነገር ግን ሙያን የመዘኑት በየአገሩ ልማድ ነው፤ የማሊኪ ሊቃውንት ዋናውን ሚዛን ዲን አድርገውታል፤ የቆጠሩትም ቢሆኑ ልጅቷና ወሊዋ ከፈቀዱ ኒካሑ የጸና መሆኑን ነው የሚናገሩት። የሰው መብት እንጂ የሰው ዋጋ አይደለም ማለት ነው። በዋግምት ደም ያወጣ የነበረውን አቡ ሂንድን፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በኒ በያዳን እንዲያጋቡትና ከእርሱም እንዲያገቡ እንዳዘዟቸው በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። ልማድ የሚለወጠው እንዲህ፣ ሰው ስም ተጠርቶ ሲታዘዝ ነው።

አሜሪካ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ባለፈው ሲመጣ አባቴን ሲያይ ተገረመ። እዚያ በጡረታ ዘመናቸው ጋራዥ ውስጥ መስፍ ተክለው ቢላ የሚቀጠቅጡ ዶክተሮችና መሐንዲሶች እንዳሉ ነገረን። በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የቀጥቃጮች ማኅበር አላቸው፤ ፈተናም ይሰጣል። ቢላው የተንጠለጠለ ወፍራም ገመድ በአንድ ምት መቁረጥ፣ ቀጥሎ እንጨት መክተፍ፣ ከዚያም በኋላ ጸጉር መላጨት አለበት፤ በመጨረሻ ማዕዘን እስኪሠራ ታጥፎ ካልተሰበረ ባለቤቱ አለፈ። ከፍተኛው ማዕረግ ሊቀ ቀጥቃጭ እንደ ማለት ነው። አባቴ ስለ ገመዱ ደጋግመው ጠየቁት። የአጎቴ ልጅ «ይኸው፣ እዚያ ይህ ክብር ነው!» ሲል እኛም ተደሰትን።

ሌሊት ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ። እነዚያ ሰዎች የሚከበሩት ሥራውን መርጠው ስለያዙት ነው፤ አባቴም እንዲሁ። አባቴ ሾፌር ነበሩ፤ ዘራቸው ሲጣራ ንጹሕ ተባለ፤ መስፉን ለአንድ ቀን ከዕቃ ቤት ጀርባ ማድረግ ተቻለ። የባቲው ሰው መስፋቸውን የት ይደብቁት ነበር? በሥራው የሚደሰት ሰው ሲገኝ አጨበጨብን፤ በዚያው ሥራ ልጆቹን ያሳደገውን ከገበያ ጠርዝ አስቀመጥነው። ያኔ «ሰው ያይሃል» ያሉት ስለ ራሳቸው ተጨንቀው አልነበረም። በእርሳቸው ላይ የቀረ ምንም ነገር አልነበረም። ለአባቴ ነበር የተጨነቁት።

አንድ ሌላ ነገር አለ። እኚያ ሰው ጺማቸው የነጣ ሽማግሌ ሆነውም ገበያተኛው ሁሉ፣ ጎረምሳው ሳይቀር፣ «አንተ» ይላቸው ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ማጭዴን ጨረስክልኝ?» አባቴ ግን ከመጀመሪያው ቀን «አንቱ» አሏቸው። ባቲ በደረሱ ጊዜ ሰላምታው ከሩቅ ይሰማል፤ ገበያተኛው ዞር ብሎ ማን እንደተጠራ ያያል። አባቴ ስለ እኩልነት ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ በአንዲት ፊደል ግን ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ መንገዱ እስኪዘጋ ድረስ፣ ተናግረዋል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ዝም ብዬ አይደለም። የባቲው ሰው አላህ ይዘንላቸውና ካለፉ ቆይተዋል። የልጅ ልጃቸው ኮምቦልቻ ውስጥ ፋብሪካ ይሠራል፤ መካኒክ ነው፤ ሶላቱን የሚሰግድ፣ ወላጆቹን የሚጦር ልጅ ነው። ባለፈው ረመዳን መጨረሻ ለልጄ ሽማግሌ ልላክ ብሎ በሰው አስጠየቀ። ልጄ ፈቃደኛ ናት። ሚስቴ አለቀሰች፤ ለምን እንዳለቀሰች ራሷም አታውቅም። እኔ፣ ይህን ሁሉ ሐዲሥ የማውቀው ሰው፣ «እናስብበት» ብዬ አሥራ አንድ ቀን አሰብኩ። ከወንድሞቼ አንዱ እግሬን አላነሣም ብሏል። የእህቴ ባል፣ ያኔ ዘሩን ያጣራው ቤት ልጅ፣ ምን እንደሚል ገና አልነገረኝም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ይምጡ ብዬ ላክሁ። የሚመጡት ዐረፋ ባለፈ በመጀመሪያው እሑድ ነው። ትናንት ከዐስር በኋላ አባቴ ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው የጎረቤት ቢላ ሲስሉ ገባሁና ነገሩን ነገርኳቸው። ማን መሆኑን ሲሰሙ ድንጋዩን አስቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም። እንግዳው ብዙ ነውና፣ ቤቱም ጠባብ ስለሆነ፣ ወንበር ደጅ መደርደር እንዳለብን፣ መስፉ ደግሞ የግቢውን መሀል እንደያዘ፣ ወዴት እንድናደርገው እንደሚፈልጉ ጠየቅኋቸው።

«ወንበሩን ዙሪያውን አድርጉት» አሉኝ።